ጌጡ ለተቀመጠ ሰው ዓይን ነው፦ ስለ ሳሎን አደራደር የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ሳሎን ዕቃና ስለ ግድግዳ ጌጥ ጥያቄዎቻችሁን እንድትልኩልን በጋበዝነው መሠረት ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ በዚህ ዕትም ተስተናግደዋል። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ስንል አሳጥረናቸዋል፤ የላኪዎቹንም ስም ትተነዋል።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን

«ከባለቤቴ ጋር የሠራነውን ቤት ጨርሰን ከገባን ሦስት ወር ሆነን። ሳሎናችን 4 ሜትር በ5 ሜትር ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት ሲሆን በሩ በሰሜኑ ግድግዳ ወደ ምዕራቡ ጥግ ተጠግቶ ይገኛል። ሰፊ መስኮት በምዕራብ በኩል አለው። እኔ በስልኬ ያየሁትን ጥቁር አረንጓዴ የቬልቬት ኤል ሼፕ ሶፋና ከበላዩ የሚሰቀል ትልቅ ክብ መስታወት እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ደግሞ እንግዶቻችን ከሰዓት በኋላ መጥተው ተደግፈው የሚጫወቱ ስለሆኑ ወለል ላይ በፍራሽና በትራስ የሚዘረጋው መጅሊስ ይሻላል ባይ ነው። ገንዘባችን ለሁለቱም አይበቃም። የትኛውን እንምረጥ? ግድግዳውንስ በምን እናስጊጠው?»

መልስ፦ መጅሊሱ ይሻላል። ይህን የምለው የባለቤትዎን ወገን ለመያዝ አይደለም፤ በደብዳቤዎ ውስጥ የጠቀሷቸው ሁለት ነገሮች፣ ማለትም የምዕራቡ መስኮትና ከሰዓት በኋላ የሚመጣው እንግዳ፣ ጉዳዩን አስቀድመው ስለወሰኑት ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ ከተማ እንደመሆኗ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪን የሚያልፍባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ገበያ ላይ የሚገኘው ቬልቬት አብዛኛውን ጊዜ ከፖሊስተር የተሠራ በመሆኑ ላብ አይመጥም፤ ጸጉሩም አየር ይዞ ስለሚያስቀር የተቀመጠበትን ሰው ጀርባ ያሞቃል። በዚያ ላይ የድሬ አቧራ ፈዛዛ ነው፤ በጥቁር አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ጠዋት ተወልውሎ ቀትር ላይ ይታያል። ይኸው ሶፋ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ቢገባ፣ ወደ 700 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ስለሚጨምር፣ ማታ ማታ እንኳን ሊያስመሰግን ይችላል። ዕቃውን የሚነቅፈው አገሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ከጨርቁ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በስልክዎ ያዩት ሳሎን ያማረው በር ላይ ቆሞ ፎቶ ላነሣው ሰው ዓይን ነው። ቤተሰብና እንግዳ ሳሎንን የሚያየው ቁጭ ብሎ ነው፤ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ደግሞ ዝቅ ብሎ፣ ትራስ ተደግፎና እግሩን ዘርግቶ ነው። የቆመ ሰው ዓይን ከወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ወደ 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የመጅሊስ ፍራሽ ላይ የተቀመጠው ደግሞ ከ1 ሜትርም ዝቅ ይላል። በመሆኑም ለመጅሊስ ሳሎን የሚገዛ ሥዕል፣ ሰዓት፣ መደርደሪያም ሆነ መብራት በዚህ ዝቅተኛ ዓይን ተለክቶ ካልተሰቀለ፣ እንግዳው ሲጫወት ውሎ አንዴም ሳያየው ይሄዳል።

በእርስዎ ሳሎን ውስጥ መጅሊሱን ከምሥራቁ ግድግዳ ጋር 3 ሜትር ተኩል ያህል አስረዝሜ በሰሜን ምሥራቁ ጥግ አጥፌ በሰሜኑ ግድግዳ 2 ሜትር እቀጥለው ነበር፤ በዚህ አኳኋን በሩ ነጻ ይሆናል፣ ገቢና ወጪውም የተዘረጋ እግር አይሻገርም። ቴሌቪዥኑ በደቡቡ ግድግዳ ይሁን። በመስኮቱ ትይዩ ካደረጉት ብርሃኑ በመስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል፤ መስኮቱ ሥር ካደረጉት ደግሞ ተመልካቹ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ከሚመጣው ፀሐይ ጋር ይታገላል። በመስኮቱ በኩል ትልቅ ዕቃ አያስቀምጡ፤ ሁለት ቀላል የእንጨት ወንበሮች ይበቃሉ። መቀመጫቸው ከወለሉ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለና ክንድ ማስደገፊያ ያላቸው ይሁኑ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባትና እናት ከመጅሊስ ላይ ለመነሣት ሁለት ሰው ደግፎ ሲያነሣቸው የሚሰማቸውን ኀፍረት ስላየሁ፣ መጅሊስ ብቻ ያለበትን ሳሎን ያለቀ ሳሎን ብዬ አልቆጥረውም።

ፍራሹን ሲያሠሩ ለስፖንጁ ይጠንቀቁ። ሁለት እኩል መጠን ያላቸውን ስፖንጆች በሁለት እጅዎ አንሥተው ያመዛዝኑ፤ ከበድ የሚለው ጥቅጥቅ ያለው ነውና ቶሎ አይሰምጥም። በመዳፍዎ ጫን አድርገው ሲለቁት ፈጥኖ ካልተመለሰ አይግዙት። ሽፋኑ ወፈር ያለ የጥጥ ጨርቅ ሆኖ ዚፕ ይኑረው፤ ወጥቶ የማይታጠብ ሽፋን ለዚህች ከተማ አይሆንም። ለቀለሙ ከአቧራው ጋር የሚስማማ አሸዋማ ወይም ፈዛዛ ቡናማ መደብ ይምረጡና የሚወዱትን ጥቁር አረንጓዴ በትራሶቹ ላይ ያምጡት፤ ከስድስት ትራስ ሁለቱ አረንጓዴ ቢሆኑ ዓይን ይሞላሉ። ጠረጴዛዎቹም ዝቅ ብለው ከ30 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ቁመት ቢኖራቸው፣ ከፍራሹም 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢርቁ፣ ሲኒ ለማንሣት ማንም ወገቡን አይሰብርም።

ወደ ግድግዳው እንምጣ። ከመጅሊሱ በላይ ያለውና በትይዩ ያለው ግድግዳ በአንድ ሕግ አይሰቀልባቸውም። መጅሊስ ላይ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ ያሳርፋል፤ ስለዚህ ከጀርባው የሚሰቀል ፍሬም የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 1 ሜትር ከ15 ሴንቲ ሜትር በታች ከወረደ በየቀኑ እየተነካ ይጣመማል፣ ግድግዳውም በጸጉር ቅባት ይወይባል። በዚህ ግድግዳ ላይ ከፍሬም ይልቅ ጨርቅ እመርጣለሁ፤ ለምሳሌ ጥሩ ጥለት ያለው የሽመና ሥራ በቀጭን የእንጨት ዘንግ ላይ ሰፍቶ ማንጠልጠል ይቻላል። ጨርቁ ድምፅንም ስለሚውጥ፣ ሴራሚክ በተነጠፈበት ባዶ ሳሎን ውስጥ የሚሰማውን ገደል ማሚቶ ይቀንሰዋል። በትይዩው ግድግዳ ግን የሥዕሉ መካከል ከወለሉ ከ1 ሜትር ከ10 እስከ 1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ላይ ይዋል። ለቆመ ሰው በጣም ዝቅ ያለ ይመስለዋል፤ ባለሙያው ‹ተሳስተዋል እመቤቴ› ቢልዎትም እዚያው ፍራሽ ላይ ቁጭ ብለው ያሰቅሉት።

ክብ መስታወቱ ይቅርብዎ እላለሁ። ከመጅሊሱ በላይ ቢሰቀል ከምዕራብ የሚገባውን ፀሐይ በሳሎኑ ውስጥ መልሶ ይረጨዋል፤ ተቀምጦ ለሚያየው ሰው ደግሞ ኮርኒሱንና ቬንትሌተሩን ብቻ ያሳየዋል። ክብደቱም አለ። ከዓመታት በፊት እኔው ራሴ 12 ኪሎ የሚመዝን መስታወት በብሎኬት ግድግዳ ላይ በሁለት የኮንክሪት ምስማር ሰቅዬ፣ በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ላይ ቤተሰቡን ሁሉ ያስነሣ ድምፅ ሰምቻለሁ። ምስማሩ የያዘው ልስኑንና የብሎኬቱን ስስ ግድግዳ ብቻ ነበር፤ ከጀርባው ባዶ ቀዳዳ ነው። ከባድ ነገር የግድ የሚሰቅሉ ከሆነ፣ በድሪል ተበስቶ ከገባ በኋላ ከውስጥ በኩል ክንፉን ዘርግቶ የሚይዝ ማሰሪያ ይጠቀሙ፤ ተራው የፕላስቲክ ፊሸር ለጠንካራ ግድግዳ የተሠራ ስለሆነ ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ይሽከረከራል። መስታወት ከወደዱ በመግቢያው በር አጠገብ፣ ለሚወጣ ሰው ፊት፣ ትንሽ ቀላል መስታወት ይስቀሉ፤ እዚያ ሰው ቆሞ ነው የሚያየው።

መጋረጃው የመጨረሻው ነጥብ ነው፤ በገንዘብ በኩል ግን ቢቀድም ደስ ይለኛል። ፀሐይን የመስኮቱን መስታወት ሳትነካ ከውጭ መከልከል፣ ከገባች በኋላ በወፍራም መጋረጃ ከማገድ እጅግ ይሻላል፤ ምክንያቱም ወደ ውስጥ ያለፈው ሙቀት በመጋረጃውና በመስታወቱ መካከል ተይዞ መልሶ ወደ ክፍሉ ይፈስሳል። ከመስኮቱ ውጭ የሚጠቀለል የሸምበቆ መከለያ ያሠሩና ከውስጥ አንድ ስስ ነጭና አንድ ወፈር ያለ መጋረጃ ይበቃዎታል። የመጋረጃውን ዘንግ ከመስኮቱ ራስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ፣ ግራና ቀኙንም 20 ሴንቲ ሜትር ወጣ አድርጉት፤ የጨርቁም ስፋት ከዘንጉ ርዝመት እጥፍ ካልሆነ ሲዘጋ እንደ አንሶላ ተወጥሮ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ከሐረር፣ ጀጎል

«ከአያቴ የወረስኩት ጌይ ጋር፣ ማለትም ባህላዊ የሐረሪ ቤት፣ አለኝ። ልጆቼ ነደባው ላይ ሶፋ እንዲገባና ፊት ለፊት በሚታየው ግድግዳ ላይ 55 ኢንች ቴሌቪዥን እንዲሰቀል ይፈልጋሉ። የግድግዳው ልስን ከታች በኩል እየላጠ ስለሚወርድ አንድ ግንበኛ በሲሚንቶ ልለስንልህ ብሎኛል። የእናቴ ስፌቶችና ሳህኖች በሣጥን ታሽገው ተቀምጠዋል፤ መልሼ ልሰቅላቸው ብፈልግም ቤቱ የሰው መኖሪያ መሆኑ ቀርቶ ሙዚየም እንዳይመስል እፈራለሁ።»

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ ከግንበኛው ጋር ገና ስላልተስማሙ ምስጋና ነው። ስለ እሱ ኋላ እመለሳለሁ።

የሐረሪ ቤት ዋናው ክፍል ሲታነጽ ከነዕቃው የታነጸ ነው። እርስዎ የሚያውቁትን ለሌሎች አንባቢያን ስል ልግለጸው፦ ወደዚህ ዋና ክፍል፣ ወደ ጊዲር ጋር፣ ሲገባ በደረጃ ከፍ ከፍ ያሉ፣ ከግንቡ ጋር አብረው የተሠሩ መደቦች ይታያሉ፤ እነርሱም ነደባ ይባላሉ። እያንዳንዱ ነደባ የራሱ ስምና የራሱ ተቀማጭ አለው፤ አሚር ነደባ የሚባለው የቤቱ አባወራና የተከበረ እንግዳ የሚቀመጥበት ሲሆን ከዚያ ላይ የሚገባው ሰው ሁሉ ይታያል። በግድግዳው ውፍረት ውስጥ የተፈለፈሉት ጣቄቶች ደግሞ መደርደሪያዎች ናቸው። እንግዲህ ሶፋ በነደባ ላይ ማስቀመጥ ወንበር በወንበር ላይ መደረብ ነው፤ የተቀመጠው ሰው ዓይንም ግንበኞቹ ካሰቡት ከፍታ ግማሽ ሜትር ያህል ይነሣል፣ ጣቄቶቹም ከትከሻው በታች ይቀራሉ።

ለልጆችዎ የሚነግሯቸው ተጨማሪ ምክንያት ከፈለጉ የራሴን ልስጥዎት። ለአንድ ዘመዴ ከአዲስ አበባ ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ሶፋ አስመጥቼ ነበር። ከጀጎል በር እስከ ሰፈሩ በሰው ትከሻ ተሸከምነው፤ በጠባቡ መንገድ መታጠፊያ ላይ አንድ ጊዜ ቆሞ፣ አንድ ጊዜ ተገልብጦ አለፈ። ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ግን በሩ 82 ሴንቲ ሜትር፣ ሶፋው ደግሞ 95 ሆኖ ተገኘ። ዕቃውን የሸጠልኝ ሰው በስልክ የሰጠኝ መፍትሔ እግሮቹን በመጋዝ መቁረጥ ነበር፤ ቆረጥናቸው፣ ገባም፤ እስከ ዛሬ ድረስ ሁለት ጡብ ተደግፎ ይኖራል።

ነደባዎን የሚያዘምነው ትራስና ፍራሽ ነው። የነደባ ጠርዝ በእጅ የተሠራ በመሆኑ ቀጥ ያለ ማዕዘን የለውም፤ ስለዚህ በሜትር ብቻ ለክተው አይዘዙ። ትልልቅ ወረቀቶችን እያጣበቁ በነደባው ላይ ያንጥፉ፣ ጠርዙን ተከትለው በእርሳስ ያስምሩ፣ ቆርጠውም ያንኑ ወረቀት ለልብስ ሰፊ ይስጡ። መኪና ግርግር ላሉት ሰፊዎች፣ መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖቻቸው ጫጫታ አይደል፣ እንዲህ ያለው ሥራ አይከብዳቸውም። ለፍራሹ ውፍረት 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ከላይ የተናገርኩትን የዓይን ከፍታ እንደገና ያዛባዋል። ለቀለም ደግሞ ነደባው በቀይ አፈር የተቀባ ከሆነ ሌላ ቀይ አይጨምሩበት። ይህን ቀይ ቀለም ሽማግሌዎች በጥር 1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ከፈሰሰው ደም ጋር አያይዘው ይተርኩታል፤ ትርጉም ያለው ቀለም ብቻውን ሲሆን ነው የሚናገረው። ነጣ ያለ ጥጥ፣ ጥቁርና ጥቂት ብጫ ይስማሙታል።

ቴሌቪዥኑን በተመለከተ ልጆችዎን ሙሉ በሙሉ አላሳፍራቸውም። 55 ኢንች ቴሌቪዥን 1 ሜትር ከ22 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ አለው፤ በዋናው ግድግዳ ላይ ከዋለ ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ጣቄት ይሸፍናል፣ ጠፍቶ ሳለም እንደ ጥቁር ሰሌዳ የክፍሉን ፊት ይዞ ይቀመጣል። ክርታት፣ ማለትም ከዋናው ክፍል ጎን ያለች ትንሽ ክፍል፣ ካለዎት እዚያ ያስገቡት፤ ልጆቹም የራሳቸው ማዕዘን ያገኛሉ። ክርታት ከሌለ በወለሉ ላይ፣ ከጎን ግድግዳ አጠገብ፣ ጎማ ባለው ዝቅተኛ ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጥ፤ ለዜና ሰዓት ወጣ ብሎ ይዞራል፣ እንግዳ ሲመጣ ይመለሳል። የኤሌክትሪክ ገመዱን ግድግዳ ቦርቡረው አይቅበሩት፤ በጠባብ የፕላስቲክ መስመር ውስጥ አስገብተው ከወለሉ ጋር ያስኪዱት። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ በመሆኑ የሚቦረቦረው ከሚታሰበው በላይ ይናዳል።

አሁን ወደ ግንበኛው እንመለስ። ልስኑ ከታች የሚላጠው ልስኑ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ውኃ ከመሬት ወደ ግድግዳው እየወጣ ስለሆነ ነው። ኖራና ጭቃ ይህን እርጥበት ቀስ በቀስ ወደ አየር ያስወጡታል፤ ሲሚንቶ ግን መውጫውን ይዘጋበታል። ያን ጊዜ እርጥበቱ ከሲሚንቶው በላይ መውጫ ፍለጋ እያደገ ይሄዳል፣ ከውስጥም ድንጋዩን የያዘውን ጭቃ ያላላዋል፤ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ሲሚንቶው በጠፍጣፋ ሆኖ ሲወርድ ከፊሉን ግድግዳ ይዞ ይወርዳል። የዘይት ቀለምም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ የጊቢው ውኃ ከግድግዳው እንዲርቅ መውረጃው ይስተካከል፤ የላላው ልስን ይራገፍ፤ ግድግዳው በበጋው ይድረቅ፤ ከዚያ በጭድ በታሸ ጭቃ ተመርጎ ሳሳ ባለ ኖራ፣ አንዱ ሽፋን ሲደርቅ ሌላው እየተደረበ፣ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይቀባ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረ እንደመሆኑም፣ ግድግዳ ከመንካትዎ በፊት በክልሉ የቅርስ ጥበቃን የሚመራውን መሥሪያ ቤት ማማከር ይኖርብዎታል፤ በባህላዊው መንገድ የሚሠሩትን ባለሙያዎች የሚያውቁትም እነርሱ ናቸው።

የእናትዎ ስፌቶች ከሣጥን ይውጡ። በታሸገ ሣጥን ውስጥ የሚቆይ ሣር ይሻግታል፣ በተባይም ይበላል። ከመስቀልዎ በፊት አንድ ቀን በጥላ ሥር ያናፍሷቸው፤ ፀሐይ ላይ አያስጧቸው፣ የተነከረው ሣር ቀለሙን ቶሎ ይጥላል። በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ከመካከል ወደ ጠርዝ፣ የስፌቱን ዙር እየተከተሉ አቧራቸውን ያራግፉ። እርጥብ ጨርቅ አይንካቸው። አንዳንድ ሰው እንዲያብረቀርቁ ቫርኒሽ ይቀባቸዋል፤ ቫርኒሹ ሣሩን ያደርቀዋል፣ ከጊዜ በኋላም ነጩን ብጫ ያደርገዋልና እባክዎ ይህን እንዳያደርጉ።

አሰቃቀሉን ከሐረሪ እናቶች መማር ይቻላል፤ እነርሱ ስፌትን እንደ ዘመኑ ሰው ወዲህና ወዲያ አይበትኑትም። ጥንድ ጥንዱ ግራና ቀኝ ትይዩ ሆኖ፣ ትልቁ ከላይ፣ ትንሹ ከታች ይሰለፋል፤ ሳህኖቹም በረድፍ ይከተሉታል። ቤቱ ሙዚየም የሚመስለው ሁሉም ነገር ሲሰቀልና ምንም ነገር ሳይነካ ሲቀር ነው። ስለዚህ ካለዎት ስፌት ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ይስቀሉ፤ የቀረውን ለዳቦ፣ ለቁርስና ለቡና ቁርስ ያውሉት። ከዋናው ግድግዳ አንዱን ጣቄት ለመጻሕፍት፣ አንዱን ለቤተሰብ ፎቶግራፍ ይተዉ፤ አንዱን ደግሞ ባዶውን ይተዉት። በምሽት ከጣቄቱ ውስጥ የምትበራ ትንሽ ሙቅ አምፖል፣ 2,700 ኬልቪን የተጻፈባት፣ ኖራውን እንደ ወተት ታስመስለዋለች፤ ነጩ የሱቅ አምፖል ግን ያንኑ ግድግዳ የሕክምና ክፍል ያደርገዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። አንዳንድ የከተማችን ሆቴሎችና ካፌዎች ለውበት ብለው ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ያስቀምጣሉ። በሐረሪ ቤት ያ ምንጣፍ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ በቤቱ መኖሯን እንደሚገልጽ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ልጆችዎ ከፎቶ አይተው ጌጥ መስሏቸው እንዳያስቀምጡት ይንገሯቸው፣ ያለዚያ ሽማግሌ ማስተናገድ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ፣ ከዚራ

«የተከራየሁት ቤት የባቡር ዘመን ቤት ነው። ኮርኒሱ 4 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ አከራዬ አንድም ምስማር እንዳይመታ ብለውኛል። ያሉኝ ሁለት ሶፋዎችና አንድ ጠረጴዛ በክፍሉ ውስጥ ጠፍተው ይታያሉ። ምን ባደርግ ይሻላል?»

መልስ፦ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በከዚራ የተሠሩት እነዚህ ቤቶች ኮርኒሳቸው የራቀው ሞቃቱ አየር ከሰው ራስ በላይ እንዲወጣ ነው፤ ስለዚህ ጸጋ እንጂ ጉድለት አይደለም። ዕቃዎ የጠፋው በየግድግዳው ስለተበታተነ ነው። ሁለቱን ሶፋዎች ከግድግዳ አላቀው እርስ በርስ ፊት ለፊት ያዙሯቸው፤ በመካከላቸው ጠረጴዛው፣ ከሥራቸውም የሁለቱንም ሶፋ የፊት እግሮች የሚይዝ ሰፊ ምንጣፍ ይግባ። በክፍሉ ውስጥ ሌላ ትንሽ ክፍል ይሆናል።

ብርሃኑንም ከኮርኒሱ ያውርዱት። ከሶፋው ጎን የሚቆም 1 ሜትር ተኩል ያህል ቁመት ያለው መብራት ጨለማውን ከፍታ ያስረሳል። ቬንትሌተር ካለ፣ መብራቱ ከክንፎቹ በላይ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ክንፎቹ ብርሃኑን እየቆረጡ ግድግዳውን ሁሉ ያርገበግቡታልና ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚችለው ሰው የለም።

ምስማር ከተከለከለ ሥዕል አይሰቀልም ማለት አይደለም፤ ይደገፋል። ወገብ በሚደርስ ቡፌ ወይም ጠንካራ መደርደሪያ ላይ ትልቅ ፍሬም ግድግዳውን አስደግፈው ያስቀምጡ፣ ትንሹን ከፊቱ ወደ ጎን ገፋ አድርገው ይደርቡበት። ከሥሩ ቀጭን የጎማ ቁራጭ ካደረጉበት አይንሸራተትም። በሁለት ፊቱ የሚያጣብቀው ፕላስተር ግን በአሮጌ ቀለም ላይ አይታመንም፤ ፍሬሙ ሲወርድ ቀለሙን ይዞ ነው የሚወርደው፤ ያን ጊዜ ለአከራይዎ ከምስማር ቀዳዳ የባሰ ነገር ያሳያሉ።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ፣ አዲስ ከተማ

«ጡብ የሚመስለውን የሚለጠፍ ባለ ስፖንጅ ዎልፔፐር ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ለጥፌ ነበር፤ በሁለተኛው ወር ጥጎቹ ተነሡ። በምን ሙጫ ላጠናክረው?»

መልስ፦ በምንም አያጠናክሩት። ከቴሌቪዥኑ የሚወጣው ሙቀትና የድሬ ቀትር ተደምረው የጀርባውን ሙጫ ያለሰልሱታል፤ በኮላ ቢያጣብቁት ጥጉ ይይዝና መካከሉ ያብጣል፣ ኋላም ሲነቀል ስቱኮውን ያነሣዋል። በጸጉር ማድረቂያ ሞቅ እያደረጉ ከጥግ ጀምረው በቀስታ ይላጡት፣ የተቦጨቀውን በስቱኮ ይሙሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ። ከዚያ ያንን አንድ ግድግዳ ብቻ ከሌሎቹ ሁለት ደረጃ ጠቆር ባለ፣ በማያብረቀርቅ የሸክላ ቀለም ያስቀቡት፤ ማታ ቴሌቪዥን ሲያዩ ዓይንዎ ያርፋል። ቀለሙን ከመግዛትዎ በፊት ግን አንድ ካርቶን ቀብተው እዚያው ግድግዳ ላይ ያስደግፉና ዘወትር በሚቀመጡበት ቦታ ሆነው አንድ ጊዜ ቀትር ላይ፣ አንድ ጊዜ ማታ አምፖል በርቶ ይዩት።